የ«ቁንጫ» አራተኛ እትም

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። ማን ማን እንደሆንን አስቀድሜ ልናገር።

ምህረት የመጀመሪያ ልጄ ናት። ያን ጊዜ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ እዚሁ ሆሳዕና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። እጇ ስዕል ያውቃል። ስጦታውን ከማን እንደወረሰችው አላውቅም፤ ከእኔ አይደለም።

አማረች ባለቤቴ ናት። ብዙ አትናገርም፤ የተናገረችው ግን አይረሳም።

ታምራት የሺንሺቾ ልጅ ነው፤ ከምህረት ጋር ያስተምር ነበር። ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። እናቱ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራትም።

ሚስተር ሩዲ ጀርመናዊ ሽማግሌ ነው። በሚስዮኑ ወርክሾፕ አናጢነት ያስተምር ነበር። በወጣትነቱ ሰዓሊ እንደነበረ የሰማሁት በኋላ ነው። ቀድሜ ሰምቼ ቢሆን ልጄን ወደ ግቢው አልሰድም ነበር።

አኑሎ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። ከዚያ በፊት በጸሎት ቤታችን መዘምር ነበር። ከመዘምራን ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

ስድስተኛው እኔ፣ ሄራሞ ነኝ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም አብቅዬ፣ ከሚስዮን በተገኘ መጽሐፍ ቅዱስና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ታይፕ መምታት የተማርኩት ሌሎች ምሳ ሲወጡ ነው። እንዲህ እያልኩ በአውራጃው መሥሪያ ቤት ስቴንስል በሚባል የሰም ወረቀት ጽሑፍ የሚያባዛ ማሽን ሠራተኛ ሆንኩ። ለከተማው የሚበተን ሰርኩላር ሁሉ በእጄ ያልፋል። በጸሎት ቤታችን ደግሞ ከሽማግሌዎች አንዱ ነበርኩ።

በቤቴ አንድ ሕግ ነበር። ሰሃን የሰበረ ልጅ «እኔ ነኝ» ካለ አልነካውም። ዋሽቶ ከተገኘ እገርፈዋለሁ። በጸሎት ቤትም ያው ነው። የበደለ በጉባኤ ፊት ቆሞ ይናዘዛል፣ ለተወሰነ ጊዜ ይታገዳል፣ ከዚያ የይቅርታ ቀኝ እጅ ተሰጥቶት ወደ ኅብረቱ ይመለሳል። ዓለም ሁሉ በዚህ ሕግ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

አኑሎ በዚህ ሕግ አልፏል። ሆመቾ ገበያ አረቄ ሲጠጣ ታይቶ በጉባኤ ፊት አቆምኩት። «ከማን ጋር ነበርክ?» አልኩት። ዝም አለ። ደግሜ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ የጓደኛውን ስም ተናገረ። ሁለቱም ስድስት ወር ታገዱ። ጓደኛው ጊዜውን ጨርሶ ቀኝ እጅ ሊቀበል መጣ። አኑሎ አልመጣም። አብዮቱ መጣና እሱ ወደ ቀበሌ ሄደ።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ቀን ነው፤ አብዮቱ አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ወደ ዘጠኝ ሰዓት አለቃዬ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ በሁለት ሽቦ የተያያዙ አራት ቅጠል ወረቀቶች አሉ። ከላይ በትልቁ «ቁንጫ»፣ ከስሩ «አራተኛ እትም» ይላል። የፊት ገጹ ስዕል ነው። አንድ ሰፊ አዳራሽ፤ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ከመድረኩ አንድ ወፍራም ሰው ብቻውን ተቀምጧል። ከትከሻው፣ ከጎኑ፣ ከጀርባው አርባ የሚሆኑ እጆች በቅለዋል፤ ሁሉም ወደ ላይ ተነስተዋል። ከስዕሉ ስር «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚል ተጽፏል። ሰውየው ኮፍያውን ወደ ግራ አዘንብሏል። በከተማችን ኮፍያውን እንዲያ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አኑሎ።

«ዛሬ ጠዋት ገበያው በር ላይ ተለጥፎ ተገኘ» አለ አለቃዬ። «ክሊኒኩም፣ ትምህርት ቤቱም። ማባዣ ያለው ሦስት ቦታ ነው። የትምህርት ቤቱ ከተበላሸ ወር አልፎታል። የቀረው የኛና የሚስዮኑ ወርክሾፕ ነው። ጓድ ሄራሞ፣ ባለሙያው አንተ ነህ። የኛ ነው?»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ። በቀኝ ጠርዝ፣ ከላይ አንድ ስንዝር ወረድ ብሎ፣ እንደ ምስማር ቀጥ ያለች ቀጭን ጥቁር መስመር አለች። ሌላ ሰው የወረቀቱ እጥፋት ትመስለዋለች። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ የማሽኔ ጎማ ስንጥቅ ናት። የማሽኑ ክፍል ቁልፍ ደግሞ ያለው በእኔ ኮት ኪስ ብቻ ነው።

«ቅዳሜ ጠዋት አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኩ።

«ቅዳሜ ሦስት ሰዓት። ከዚያ በኋላ የሚጠይቁህ እንደ እኔ አይጠይቁህም።»

መንገድ ላይ አሰብኩት። ረቡዕ ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ጾመን እንጸልያለን። ያን ቀን ኮቴን ቤት ሰቅዬ መጽሐፍ ቅዱሴን ብቻ ይዤ ነው የምሄደው። ይህን የሚያውቅ የቤቴ ሰው ብቻ ነው።

ምህረት ደብተር ታርም ነበር።

«ትናንት ከስድስት እስከ ስምንት የት ነበርሽ?»

ቀና አላለችም። «አውቀህ ነው የምትጠይቀኝ፣ አባ።»

«ከጸሎት ሰዓቴ ላይ ሰረቅሽ።»

«የሰረቅሁት ቁልፍ ነው። ጸሎትህን አልነካሁም።»

እጄ ተነሳ፤ ግን «እኔ ነኝ» ብላለችና በሕጉ መሠረት መልሼ አወረድኩት። ከአልጋዋ ስር የቆርቆሮ ሳጥን አወጣች። ከላይ የቀሩት የ«ቁንጫ» እትሞች ነበሩ። ከስር ስድስት አሮጌ መጽሔቶች አሉ፤ ወረቀታቸው ብጫ ሆኗል። ሚስተር ሩዲና ጓደኞቹ በአገራቸው ያሳተሟቸው ናቸው። ቋንቋውን አላነበብኩም፤ ስዕሉ ግን ትርጉም አያስፈልገውም። ሜዳሊያ የደረደሩ መኮንኖች እንደ አሳማ ከገንዳ ይበላሉ። እግር የሌለው ወታደር ጎዳና ላይ ይለምናል። እርቃናቸውን የሆኑ ሴቶችም ነበሩበት። ክዳኑን መልሼ ጣልኩት።

«ከዚህ ቆሻሻ ነው የተማርሽው?»

«በመርፌ ስቴንስል ላይ መሳል ከሚስተር ሩዲ ተማርኩ። የሳልኩት ግን የማየውን ነው።»

የ«ቁንጫ»ን አራቱን እትሞች አነበብኩ። ዛሬ እውነቱን ልናገር፣ አንድ ቦታ አፌ ሊስቅብኝ ነበር። «ማስታወቂያ» ይላል። «ሳሙና የሚመጣው ከሦስት ወር በኋላ ስለሆነ፣ ነዋሪዎች እስከዚያ እንዳይቆሽሹ ቀበሌው ያሳስባል።»

«ጽሑፉን ማን ጻፈው?» አልኳት።

ቀይ እስክሪብቶዋን ዘጋች። «ለአንተ ብቻ ከሆነ እነግርሃለሁ።»

«ለእኔ ብቻ ነው።»

«ታምራት» አለች።

አርብ ወደ አስራ አንድ ሰዓት ሚስተር ሩዲ ራሱ መጣ። አማረች ናት ሄዳ የነገረችው። ወንበር አልሰጠሁትም፤ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«አቶ ሄራሞ፣ ነገ ማሽኑ የሚስዮን ነው በል» አለኝ። «እኔ ራሴ ሄጄ እኔ ሠራሁ እላለሁ። ይቆጣሉ፣ ከአገር ያስወጡኛል። እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ መሄዴ አይቀርም።»

«ሠርተውታል?»

«አልሠራሁም።»

«እንግዲያው ውሸት ነው።»

«አዎ፣ ውሸት ነው» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር።

«እሳቱን ወደ ቤቴ ያመጡት እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ በውሸት ሊያጠፉት ይፈልጋሉ።»

«እኔ ስዕል አስተማርኩ። እሳቱ ግን ከእኔ በፊት ነበረ።» ባርኔጣውን ማሽከርከር ተወ። «አቶ ሄራሞ፣ በአገሬ መጽሔቱን የምናወጣው እኛ አምስት ነበርን። ስድስት ቁጥር አወጣን፤ ሰባተኛው አልወጣም። ከአምስት ሁለት አልተመለሱም። አንዱን ፖሊስ ጋ የወሰደው አባቱ ነው። አባቱ ጥሩ ሰው፣ ሐቀኛ ሰው ነበር። የሰፈሩን ፖሊስ ከልጅነቱ ያውቀዋል። 'ይመክረውና ይለቀዋል' አለ።»

«የእርስዎ አገር የእርስዎ ነው። እኛ እዚህ እንተዋወቃለን።»

«እነሱም ይተዋወቁ ነበር።»

«ከቤቴ ይውጡ፣ ሚስተር።»

ጥግ የተቀመጠችውን ምህረትን አንገቱን ዝቅ አድርጎ ተሰናብቷት ወጣ። አማረች ከጓዳ በር ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«ሰውየው ሸክሙን እኔ ልሸከም ብሎ በእግሩ መጣ» አለች። «አንተ 'አልሠራህም፣ ጫንቃህ ንጹሕ ነው' ብለህ መለስከው።»

«በሐሰት የዳነ ቤት አይጸናም፣ አማረች።»

«አንተ ነገ እውነትህን ይዘህ ወደ ቤት ትመለሳለህ። እኔስ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ?»

መጽሐፍ ቅዱሴን አንስቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ያሰብኩትን ግን ለእናንተ ልንገር። አኑሎን አውቀዋለሁ አልኩ። በጉባኤ ፊት ቆሞ መናዘዝ ምን እንደሆነ ያውቃል። ቀበሌዎቹም ቢሆኑ ሰውን አቁመው «ግለ ሂስ አድርግ» ይሉ የለ? የእኛው ንስሐ ነው፤ ስሙን ብቻ ለወጡት አልኩ። ከአለቃዬ በፊት፣ ሳትያዝ፣ በራሷ እግር ሄዳ «እኔ ነኝ» ካለች ይገሥጿታል፣ ለጥቂት ወር ከሥራ ያግዷታል፣ ያበቃል። ሌላ ሰው ቢሆን ልጁን ይዞ ወደ ዘመድ ይሸሽ ነበር። እኔ ግን ወደ ቀበሌ ሽምግልና የምሄድ መሰለኝ።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ምህረትን ይዤ ወጣሁ። ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳለች። በመንገድ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች።

«የታምራት ነገር ለአንተ ብቻ ነበር፣ አባ።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

አኑሎ ከቀበሌው አጥር በር ላይ ከጥበቃዎቹ ጋር ይሳሳቃል። እንዳየኝ በሐዲይኛ ሰላም አለኝ፤ የከብቶቼን፣ የሰፈሩን፣ የአማረችን ጤና ጠየቀኝ። ልቤ አረፈ። ነገሩን በአጭሩ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ግቡ» አለን፣ አሁንም በሐዲይኛ።

አዳራሹ ባዶ ነበር። አኑሎ መድረኩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ እኛ ከታች ቆምን። አንድ ጸሐፊ መዝገብ ይዞ ገባ። አኑሎ ኮፍያውን ወደ ግራ አዘነበለና በአማርኛ ተናገረ።

«ስም?»

ያን ጊዜ መረዳት ነበረብኝ። በቋንቋችን እንደ ጎረቤት ነበርን። አማርኛው ከመጣ በኋላ እኔ ተከሳሽ ነበርኩ፤ እሱ መንግሥት ነበር።

ምህረት ስሟን ተናገረች። «ቁንጫ»ን አነሳና ስዕሉን ወደ እሷ አዞረው።

«ይህን ማን ሳለው?»

«እኔ።»

«እጆቹን ስንት አደረግሻቸው?»

«አርባ አንድ።»

«አንዷ የማን ናት?»

«የራስህ።»

ጸሐፊው ሳቁን በሳል ሸፈነ። አኑሎ አልሳቀም። «ጽሑፉን የጻፈው ማነው?»

«ስዕሉን እኔ ነኝ ብያለሁ።»

«ስለ ጽሑፉ ነው የጠየቅሁሽ።»

ዝም አለች። ደጋግሞ ጠየቃት፤ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። በዚህ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ጸሎት ቤት ሰው በትሕትና ጠየቀኝ።

«ሽማግሌ፣ አንተ ውሸት አታውቅም። ከማን ጋር ነበረች?»

ቃሉን አወቅሁት። የእኔው ጥያቄ ነው። እኔ እሱን በዚያ ጉባኤ ፊት ባቆምኩት ቀን የጠየቅሁት። ጠብቆ፣ አቆይቶ፣ አሁን መለሰልኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ራሴን ባሳምር ይቀለኝ ነበር። ገረፉኝ፣ ሽጉጥ ደገኑብኝ ብል የሚጠራጠረኝ የለም። ማንም አልነካኝም። «አላውቅም» ማለት ሐሰት ነው ብዬ አሰብኩ። ዝም ማለት እንደሚቻል ግን አላሰብኩም፤ ልጄ ከአጠገቤ ቆማ ዝም ብላ እያሳየችኝ አላሰብኩም። አፌ ከፍቶ «ታምራት፣ የሺንሺቾው መምህር» አለ።

ምህረት ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። የማታውቀውን ሰው መንገድ ላይ እንደምታይ አየችኝ፤ ከዚያ ፊቷን መለሰች።

«አመሰግናለሁ፣ ሽማግሌ» አለ አኑሎ። «አንተ መሄድ ትችላለህ። እሷ ትቆያለች።»

«በራሷ እግር መጥታ ተናዝዛለች እኮ» አልኩ።

«ለዚህ ነው ሳትታሰር የገባችው» አለኝ። ጸሐፊው አሁን ሳቁን አልሸፈነም።

ሦስት ሰዓት ላይ አለቃዬ ዘንድ ሄጄ «የኛ ማሽን ነው» አልኩ። ለሰዓቱ ታመንኩ። ሚስዮኑ አጠገብ ሳልፍ ታምራትን ከቅዳሜ ትምህርት ክፍሉ አውጥተው እንደወሰዱት ሰማሁ። ጠመኔ በእጁ እንደያዘ ነው የወሰዱት አሉ። ሚስተር ሩዲም ወሬው ሲደርሰው በእግሩ ቀበሌ ሄዶ «እኔ ነኝ» ብሏል። ሰምተው ሳቁበት። «ሽማግሌው አባቷ እውነቱን ነግሮናል» አሉት።

እሑድ ጠዋት፣ በጸሎት ሰዓታችን፣ የቀበሌው ነዋሪ በሙሉ ለስብሰባ ተጠራ። ያንኑ አዳራሽ ሞላነው። አንድ ሰው «ቁንጫ» የተባለው የጠላት ወረቀት መሆኑን፣ ያዘጋጁትም የሕዝብ ጠላቶች መሆናቸውን የሚገልጽ የውግዘት አቋም አነበበ። የልጄን ስም ከነአባቷ አነበበው። ከዚያ አኑሎ «የምትደግፉ?» አለ።

ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን እጆች ተነሱ። ጎረቤቶቼ አነሱ፤ ከእኔ ጋር ረቡዕ ረቡዕ የሚጸልዩት ሽማግሌዎች አነሱ። አኑሎ የሚያየው ግን አንድ እኔን ነበር። ቀኝ ትከሻዬ ከበደኝ። ክንዴ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁት፤ የሌላ ሰው ክንድ ይመስል ነበር።

ያን ጊዜ ስዕሉ ገባኝ። ሐሙስ ዕለት በመስኮቱ ብርሃን ሳየው ስድብ ነበር የመሰለኝ። ልጄ ማንንም አልሰደበችም። ከዚያ አዳራሽ ያለውን ቆጥራ ነው የሳለችው፤ ከእጆቹም አንዷ የእኔ ነበረች።

«በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» አለ አኑሎ።

ይህን ለምን እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። አባቶች ናችሁ፣ እናቶች ናችሁ። ልጆቻችሁ እንዳይዋሹ አስተምሩ፤ እኔም ዛሬ ድረስ ያንኑ አስተምራለሁ። ግን እውነት ለማን እንደሚሰጥም አስተምሩ። እኔ እውነትን እንደ ውሃ ቆጠርኳት፤ ለጠየቀ ሁሉ የምትቀዳ። ጠያቂው ጥም ያለው ይሁን ጉድጓድ ሊሞላ የመጣ አልመረመርኩም። ሐቀኝነት ብዬ የያዝኩትም ነገር ግማሹ ኩራት ነበር፤ «ሄራሞ አይዋሽም» መባል ከልጄ በላይ ይጣፍጠኝ ነበር። የጸሎት ቤቱን ወግ ለቀበሌው አበደርኩት፤ ይቅርታውን ትተው ኑዛዜውን ወሰዱ። አኑሎንም ሙሉ በሙሉ ልኮንነው አልችልም። ሰውን አቁሞ የጓደኛውን ስም ማስወጣትን እኔ ነኝ ያስተማርኩት። የዚያ ጀርመናዊ መጽሔት ስዕሎች ዛሬም ደስ አይሉኝም። እሱን ግን ወንበር ሳልሰጠው ከቤቴ ማስወጣቴ ያሳፍረኛል።

እንግዲህ አራት እትም የወጣችው «ቁንጫ» ያስከፈለችን ይህ ነው። ሚስተር ሩዲ በሰባት ቀን ውስጥ አገር እንዲለቅ ታዘዘ፤ ስድስቱን አሮጌ መጽሔቶች ቀበሌው አቃጠላቸው፣ ሌላ ቅጂ እንዳልነበረው ሰማሁ። ታምራት አልተመለሰም። የት እንደተቀበረ የነገረን የለም። እናቱ እስክትሞት ድረስ ሺንሺቾ ላይ ከገበያ የሚመለሰውን ሰው ሁሉ «ሆሳዕና አላያችሁትም?» ትል ነበር። አማረች ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ከእኔ ጋር አትጸልይም፤ ለብቻዋ ትጸልያለች። አኑሎ ቀኝ እጅ ሳይቀበል፣ ሥርዓቱ ሲወድቅ ከከተማው ጠፋ። ምህረት ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ታሰረች። ወጥታ ዳምቦያ ላይ ታስተምራለች፤ በበዓል ትጠይቀናለች፣ ጤናዬንም ትጠይቃለች። ስዕል አትስልም። እኔን «አቶ ሄራሞ» ትለኛለች።

እኔን ያስከፈለችኝ አንዲት ውሸት ናት። ለልጄ ብዬ አልናገራትም ያልኳትን ውሸት፣ እሑድ ጠዋት በልጄ ላይ እጄን አንስቼ ተናገርኳት።